አንዲትን ሮዝ ክሪሳንተመም በቃላት መግለጽ

ክሪሳንተመምን ለማዳቀል የሚያስፈልገው መሣሪያ ትንሽ መቀስ፣ ለስላሳ ብሩሽና የወረቀት ከረጢት ነው። በኅዳር 2018 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ኔዘርላንድስ ውስጥ በምሠራበት የማዳቀያ ግሪንሃውስ፣ ለእናትነት የተመረጠችውን ነጭ አበባ ፊቴ አስቀምጬ ረጃጅም የዳር ቅጠሎቿን አንድ በአንድ ከወገባቸው ስቆርጥ፣ ውብ ነገር የማበላሽ መስሎ ተሰምቶኝ ነበር። ቅጠሎቹ ሲያጥሩ ግን በየሥራቸው ተሸሽጎ የነበረው የሴቴ አካል ጫፍ፣ እንደ ትንሽ ባላ ለሁለት ተከፍሎ ብቅ አለ።

ነገሩን ለመረዳት አደይ አበባን በእጅ ይዞ ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። አደይ፣ ኑግ፣ ሱፍና ክሪሳንተመም የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፤ በሁሉም ዘንድ አንድ አበባ ብለን የምንጠራው በአንድ መቀመጫ ላይ የተሰበሰቡ ብዙ ጥቃቅን አበቦችን ነው። በክሪሳንተመም፣ እያንዳንዳቸው አንድ ረጅም ባለቀለም ቅጠል የዘረጉት የዳር አበቦች ሴቶች ብቻ ሲሆኑ፣ በመሀል የተጠቀጠቁት ጥቃቅኖቹ ደግሞ የወንዴም የሴቴም አካል አላቸው። ስለዚህ የአባትየውን ብናኝ ከመሀሎቹ በብሩሽ አንስቼ፣ በእናቲቱ የዳር አበቦች ባላዎች ላይ ቀባሁ። ክሪሳንተመም በአብዛኛው በገዛ ብናኟ ዘር ስለማትይዝ በዚህ በኩል ያለው ሥጋት ትንሽ ነው፤ ከረጢቱ የሚለበሰው ከውጭ የሚመጣውን ብናኝ ለመከላከል ነው።

አባት ያደረግነው ሮዝ ተክል አንገቱ የጠነከረና ተቆርጦ ውኃ ውስጥ ብዙ ቀን የሚቆይ ነበር። ሁለት ወር ያህል ቆይቼ የደረቁትን አበቦች በእጄ ስፈትግ፣ ቡናማና እጅግ ደቃቅ የሆኑ 73 ፍሬዎች አገኘሁ። በየካቲት 2019 ዘራኋቸው።

ሰው ከእናቱና ከአባቱ የወረሳቸው ሁለት የክሮሞዞም ስብስቦች አሉት፤ የጓሮና የገበያ ክሪሳንተመም ግን ስድስት ስብስብ ይዛለች፣ ቁጥሩም በተለመደው 54 ነው። ከዚህ ብዛት የተነሣ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ተክሎች መልካቸው አይገጥምም። በዚያ ዓመት መጸው ላይ ሲያብቡ ነጭ፣ ፈዛዛ ሮዝ፣ ቅጠላቸው እንደ ሸረሪት እግር የቀጠነ፣ ቁመታቸው አምሮ አንገታቸው የሚሰበር፣ አበባቸው ሳያልቅ መሀላቸው የሚጠቁር ሁሉ ነበሩባቸው። ከመካከላቸው ያስቀረሁት አንዲትን ብቻ ነው፤ አበባዋ ገበታ የመሰለ ጠፍጣፋ፣ ቀለሟ ከጫፍ ወደ ሥር እየደመቀ የሚሄድ ሮዝ፣ መሀሏ አረንጓዴ ነበረ። አንዴ የተመረጠች ተክል ከዚያ በኋላ ዘር አትጠየቅም፤ የምትባዛው በካቲንግ፣ ማለትም ከቅርንጫፏ ጫፍ ተቆርጦ ሥር በሚያወጣ ቁራጭ ነው። ሁለት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ሥር ያወጣሉ፤ ከአንዷ አሥር፣ ከአሥሩ መቶዎች ይሆናሉ፤ ሁሉም እሷው ናቸው።

ከ2020 እስከ 2022 የነበሩትን የሙከራ ወቅቶች አሳጥሬ ልለፋቸው። ረጅም ሌሊት ከተሰጣት በኋላ በስምንት ሳምንት ታብባለች፤ ነጭ ዋግ በሚባለው የፈንገስ በሽታም በሙከራችን አልተጎዳችም። ለእኔ የከበደው ቀጥሎ የመጣው ሥራ፣ መግለጫዋን መጻፍ ነበር።

አዲስ ዝርያ የአዳቃይ መብት እንዲያገኝ ከታወቁት ዝርያዎች ሁሉ የተለየ፣ እርስ በርሱ ወጥ፣ ቢባዛም የማይለወጥ መሆኑ ይመረመራል። በ1961 ፓሪስ ላይ የተፈረመው ስለ አዳዲስ የዕፅዋት ዝርያዎች ጥበቃ የሚደነግገው ስምምነት መሠረቱን የጣለ ሲሆን፣ በአውሮፓ ኅብረት ማመልከቻው የሚቀርበው በፈረንሳይዋ አንዤ ከተማ ለሚገኘው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ጥበቃው ለክሪሳንተመም 25 ዓመት ይዘልቃል። አገራችንም ከ1998 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ጀምሮ፣ በመጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 481፣ ኋላም እሱን በተካው አዋጅ፣ የአዳቃዮችን መብት በሕግ አስፍራለች። ይህ ሁሉ ሕግ የሚቆመው ግን በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ተክሏን አይቶ የማያውቅ ሰው መግለጫውን ብቻ ይዞ ከሌሎች መካከል ሊለያት ይገባል። «እጅግ ማራኪ ሮዝ» ብሎ መጻፍ ለካታሎግ ይሆናል እንጂ መግለጫ አይባልም።

ቀለም የሚለካው በእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር የቀለም ሠንጠረዥ ነው። በ2015 የወጣው ስድስተኛ እትም 920 ቀለሞችን እንደ ማራገቢያ በሚዘረጉ ካርዶች ላይ ያሰፈረ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቀለም መሀሉ ላይ ቀዳዳ አለው። የአበባውን ቅጠል ከሥር አድርጎ በቀዳዳው በኩል እያዩ፣ የካርዱና የቅጠሉ ድንበር የሚጠፋበትን ቀለም መፈለግ ነው። እኔ በመጀመሪያ የለካሁት በታኅሣሥ፣ ቀኑ ከመሸ በኋላ፣ በግሪንሃውሱ መብራት ሥር ነበር፤ ጊዜ አጥሮኝ ነበርና። የሶዲየም መብራት ብርሃኑ ወደ ብርቱካንማ ያደላል፤ ሮዟን ወደ ቀይ ምድብ አስጠግቶ አሳየኝ፣ እኔም ያየሁትን ጻፍኩ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት የሰሜን መስኮት አጠገብ ስደግመው፣ ያው ቅጠል በቀይ ሐምራዊ ምድብ 70 ሲ ላይ ድንበሩ ጠፋ። ከዚያ ቀን በፊት የጻፍኩትን ሁሉ ጥዬ እንደገና ጀመርኩ፤ የቅጠሉን ውስጥና ውጭ፣ ገና የተከፈተውንና ያረጀውን ለየብቻ፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት ለካሁ። ያ ስህተት በማመልከቻው ውስጥ ቢያልፍ ኖሮ መርማሪዎቹ ፊት የምትቆመው ሌላ ተክል ትሆን ነበር።

ወጥነቷን ስንመለከት ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመን። በናሙናነት ከተከልናቸው 20 ተክሎች አንዷ በአንድ ቅርንጫፏ ላይ የመዳብ ቀለም ያለው አበባ አወጣች። ከ20 ተክል አንድ ወጣ ያለ ቢገኝ መመሪያው ይፈቅዳል፤ እኔ ግን ምክንያቱን ሳላውቅ ማለፍ አልፈለግሁም። የክሪሳንተመም ሮዝ ቀለም አንቶሲያኒን ከሚባለው ማቅለሚያ ይመጣል፤ ቢጫው ካሮቲኖይድ ደግሞ በነጭና በሮዝ አበቦች ውስጥ እንዳይጠራቀም የሚያፈርሰው አንድ ጂን አለ። ያ ጂን በአንድ የሕዋስ ንጣፍ ውስጥ ሲጠፋ ቢጫው ይቀራል፣ ሮዙም ከላዩ ሲያርፍበት አበባው መዳብ ይመስላል። ነጭ ክሪሳንተመም በድንገት ቢጫ አበባ የምታወጣውም በዚሁ መንገድ ነው። ያቺ ተክል በካቲንግ የተገኘችበትን መስመር በሙሉ አስወግደን ከሌላ መስመር ካቲንግ ወሰድን፤ በቀጣዩ ተከላ ሁሉም ሮዝ ሆኑ።

ከሁሉ በላይ የታከትኩበት የአረንጓዴ ቅጠሉ ክፍል ነበር። የምርመራው መመሪያ የቅጠሉን ርዝመትና ስፋት፣ በጣቶቹ መካከል ያለው ስንጥቅ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ፣ የስንጥቁ ሁለት ጠርዞች ተራርቀው ይሁን ተቀራርበው ወይስ ተነካክተው እንደሚቆሙ፣ የቅጠሉ ሥር የሾለ ይሁን ክብ ወይስ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ፣ ይህን ሁሉ ይጠይቃል። አበባ ለሚሸጥ ሰው ይህ ምን ይረባዋል ብዬ በአለቃዬ ፊት አጉረምርሜ ነበር። አለቃዬ ምንም ሳይመልስ ከግንዱ መካከል አሥር ቅጠል ቆርጦ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረልኝ። አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ፤ በመጨረሻም የስንጥቆቹ ጠርዞች ተነካክተው አንዳንድ ጊዜም እንደሚደራረቡ፣ የቅጠሉም ሥር በአንድ ወገን ዝቅ እንደሚል ጻፍኩ።

በ2023 ከሁለት ሌሎች ሮዝ ዝርያዎች ጋር ካቲንጓን ወደ ቆቃ ላክን። እዚያ ወደ አውሮፓ ለሚላክ ካቲንግ እናት ተክል የሚያለሙ እርሻዎች አሉ፤ እኔም ሥራ የጀመርኩት ከነሱ በአንዱ ነው። ክሪሳንተመም ቀኑ ከ13 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲያጥር እንቡጥ መያዝ ትጀምራለች፤ ቆቃ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ደግሞ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ዝም ብትባል ሁልጊዜ ታብባለች፤ ካበበች ደግሞ ካቲንግ አይገኝባትም። ለዚህ ሲባል በእኩለ ሌሊት አካባቢ መብራት በርቶ ሌሊቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ተክሏም ሌሊቱ አጭር መስሏት ቅጠል ብቻ ታወጣለች።

ጭነቱ ሲደርስ በመንገድ ላይ ውኃ ገብቶበት የሦስቱም ከረጢቶች ጽሑፍ ታጥቦ ነበር። አበባ በማይታይበት ቤት ሦስት ሮዝ ዝርያዎች ሦስት አረንጓዴ መደቦች ናቸው። የእናት ተክሎቹ ኃላፊ፣ እኔን ከጀማሪነቴ ጀምሮ ሥራ ያስተማሩኝ ትልቅ ሴት፣ ተክሎቹ አድገው ቅጠላቸው እስኪሰፋ ጠብቀው ደወሉልኝ።

«ያንተን ልጅ ለይቻታለሁ፤ ሁለተኛው መደብ ላይ ያለችው ናት» አሉኝ።

«እትዬ፣ አበባ ሳያዩ በምን ለዩዋት?»

«አንተው ጽፈኸው የለም እንዴ! የቅጠሏ ጣቶች ይነካካሉ፣ ሥሩም በአንድ በኩል ዘንበል ይላል። የሌሎቹ ሁለቱ ስንጥቅ አፉን የከፈተ ነው።»

ለማረጋገጥ ከሁለተኛው መደብ አምስት ተክል ከመብራቱ አውጥተው ለብቻ አስቀመጡ። ከስምንት ሳምንት በኋላ የላኩልኝን ፎቶ ስከፍተው አምስቱም አብበው ነበር፤ ጠፍጣፋ፣ መሀላቸው አረንጓዴ፣ ሮዛቸው ወደ ሥር የሚደምቅ።