አንባቢው ኤጀንት ሲሆን፦ የፓስወርድ ማመንጫ ሰነድ አጻጻፌ

የዘፈቀደ ፓስወርድ የሚያመነጭ መሣሪያ ኮዱ ከአንድ ገጽ አያልፍም። በፓይተን የሚሠራ ሰው ከ3.6 ጀምሮ አብሮ የሚመጣውን ‹ሴክሬትስ› የተባለ የዘፈቀደ ማመንጫ ሞጁል ይጠራል፣ ከባዱ ሥራ አለቀለት። እኔን ያለፋኝ ሰነዱ ነው። የሚያነበው ሰው ሳይሆን የኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም መሣሪያዎችን እየጠራ ሥራ የሚሠራ የቋንቋ ሞዴል ነው፤ ኤጀንት ደግሞ መሣሪያውን ጨርሶ ሳይነካ ፓስወርድ የሚመስል ነገር ከራሱ አውጥቶ ሊሰጥ ይችላል።

ፓስወርድ ስጠኝ ሲባል ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ቃለ አጋኖ ደባልቆ ያቀርባል፤ ላየው ያምራል። ግን የቋንቋ ሞዴል ሥራው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን መገመት ነውና ዘፈቀደውም ልማድ አለው። ከ1 እስከ 100 አንድ ቁጥር ምረጥ እያላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቁት፤ 42 እና 73 ከድርሻቸው በላይ ሲመላለሱ ታያላችሁ።

ኤጀንት መሣሪያ የሚመርጠው በዋናነት መግለጫውን አንብቦ ነው። አንትሮፒክ በ2024 ኅዳር ወር ይፋ ባደረገው፣ ኤጀንትን ከመሣሪያ ጋር በሚያገናኘው ኤምሲፒ ፕሮቶኮልም አንድ መሣሪያ የሚቀርበው በስሙ፣ በመግለጫውና በግብዓቱ ስኬማ (ምን ዓይነት ግብዓት እንደሚቀበል በሚያሳይ ቅርጽ) ነው። ስለዚህ መግለጫውን የጀመርኩት መሣሪያው መቼ እንደሚጠራ በመናገር ነው፤ ምን እንደሚሠራ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ‹‹ተጠቃሚው ፓስወርድ፣ የኤፒአይ ቁልፍ ወይም ሊገመት የማይገባው መለያ ሲፈልግ ጥራኝ። ራስህ አትጻፍ፤ አንተ የምትጽፈው ሊገመት ይችላል።›› የመጨረሻዋ ሐረግ ትርፍ ትመስላለች፣ ግን ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት። ‹አትጻፍ› ብቻ ሲባል ኤጀንቱ ‹ፓስወርድ› የሚል ቃል ባለበት ጥያቄ ላይ ይታዘዛል፤ ምክንያቱን ሲያውቅ ግን ማንም ባላዘዘው ቦታ፣ ለምሳሌ የፕሮግራም ቅንብር የሚይዝ የኮንፊግ ፋይል ሲሞላ፣ መሣሪያውን ይጠራል።

ፓራሜትሮቹ፣ ማለትም ኤጀንቱ መሣሪያውን ሲጠራ የሚሞላቸው ዋጋዎች ላይ ‹ጥንካሬ› የሚል ምርጫ እንዲኖር ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ደካማ፣ መካከለኛ፣ ጠንካራ። አልተቀበልኩትም። እንዲህ ያለ ቃል ሲሰጠው ኤጀንት ‹መካከለኛ›ን ይወዳል። ርዝመት በቁጥር ይሁን፣ ካልተጠቀሰም 20 ይሁን አልኩ። ከ62 ፊደላትና ቁጥሮች ሲመረጥ እያንዳንዱ ምልክት 5.95 ቢት ያህል ይይዛል (አንድ ቢት ሲጨምር መገመት ያለበት ብዛት እጥፍ ይሆናል)፤ 20ው ሲደመር 119 ነው። በስልክ ለሚነበብ ፓስወርድ የሚምታቱትን፣ ማለትም ዜሮና ኦን፣ አንድን፣ ትንሿን ኤልና ትልቋን አይ የሚያስወጣ አማራጭ አለ። ሲበራ የሚጠፋው ከጠቅላላው ሁለት ቢት ገደማ ብቻ መሆኑን ሰነዱ ላይ ጽፌዋለሁ፤ አለበለዚያ ኤጀንቱ ‹ደኅንነት ይቀንሳል› ብሎ ይሸሸዋል።

በግዕዝ ፊደል ፓስወርድ ያመንጭልን የሚል ጥያቄም መጣ። ልቤ ቢፈልገውም እንቢ አልኩ። ጽሑፍ በኮምፒውተር በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 አንድ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል፤ ብዙ ሲስተም ፓስወርድን ከማስቀመጡ በፊት ወደማይመለስ ቅርጽ የሚቀይርበት ቢክሪፕት ደግሞ ከ72 ባይት በላይ አያይም። ከ24ኛው ፊደል በኋላ ያለው ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ነው። በስልክ ሲነበብማ ሀ፣ ሐ እና ኀን ማን ይለያቸዋል?

ስለ ውስጡ አሠራር የጻፍኩት ለብቻው ነው፤ ያ ለፕሮግራመር እንጂ ለኤጀንት አይደለም። እያንዳንዱ ምልክት የሚመረጠው ከአንድ የዘፈቀደ ባይት ነው፤ አንድ ባይት 256 ዋጋ አለው፤ ለ62 ሲካፈል 8 ይተርፋል። ትርፉ ዝም ከተባለ የመጀመሪያዎቹ 8 ምልክቶች አምስት አምስት ዕድል ሲያገኙ ሌሎቹ አራት አራት ያገኛሉ። ስለዚህ 248 እና ከዚያ በላይ የሆነ ባይት ይጣላል። ይህን የኮድ መስመር ለማሳጠር ለሚቋምጥ ሰው የዴቢያንን (የሊኑክስ ስርጭት ነው) ታሪክ አስገብቼለታለሁ፦ በ2006 ከምስጠራ ኮዱ፣ ከኦፕንኤስኤስኤል ቅጂው፣ ጥቂት ኮድ ወጣና የዘፈቀደው ምንጭ የፕሮሰስ መለያ ቁጥር ብቻ ሆኖ ቀረ። እስኪታወቅ 2008 ደረሰ።

የበለጠ ያስተማረኝ ‹ውጤት› የሚለው ክፍል ነው። ‹‹ፓስወርዱን ይመልሳል›› ብሎ ለመጻፍ ስነሳ ወዴት ነው የሚመለሰው የሚለውን ማሰብ ግድ ሆነ። ወደ ንግግሩ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ሎግ (የሥራ መዝገብ)፣ ምናልባትም ወደ ሌላ ኤጀንት። ‹‹አትድገመው›› ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ልመና በር አይዘጋም። ስለዚህ የተቀየረው መሣሪያው ራሱ ነው። አሁን ፓስወርዱን በምስጢር ማስቀመጫ ውስጥ አኑሮ ለኤጀንቱ ስያሜውን ብቻ ይሰጠዋል።

የስህተት መልእክቶቹንም እንደ ሰነድ ነው የጻፍኳቸው። ‹‹ልክ ያልሆነ ግብዓት›› የሚል መልስ ኤጀንቱን ራሱ ወደ መፍጠር ይመልሰዋል። ‹‹ርዝመት ከ12 እስከ 128 ይሁን፤ 8 ጠይቀሃል። ተቀባዩ ሲስተም ረጅም የማይቀበል ከሆነ ለተጠቃሚው ንገረው›› ሲባል ግን አስተካክሎ ይመለሳል።

የናሙና ፓስወርድ ሰነዱ ውስጥ አንድም የለም። ለሰው ብጽፍ ኖሮ አስቀምጥ ነበር፤ ኤጀንት ግን ምሳሌውን እንዳለ ገልብጦ ለተጠቃሚው ሊሰጠው ይችላል። በምሳሌው ቦታ ያለው የስያሜው ቅርጽ ብቻ ነው።