እየተጠገነች የሞተች መርከብ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ይህ ነው የምለው ምክንያት የለኝም። እሁድ ነው፤ ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ወጥተዋል፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ለብቻዬ ቡና ማፍላት አላሰኘኝምና ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። ቀና ስል ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ አሁንም በላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው። ቀለም ቀቢዎቹ ናቸው የሸፈኑት። ጨርሰው ከሄዱ ቆይተዋል። አከራያችን ቀቢዎቹ ያነሱታል ብሎ ትቶታል መሰለኝ። ቀቢዎቹም አከራዩ ያነሳዋል ብለው ይሆናል።

እሱን እያየሁ ቦኖም ሪቻርድ የምትባለው የአሜሪካ ጦር መርከብ ትዝ አለችኝ።

መርከቧ በተቃጠለች ሰሞን ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ የነበራችሁ ሽታውን አትረሱትም። ሐምሌ 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 12፣ 2020። ጴጥሮስ ወጳውሎስ እሁድ ላይ ውሎ ጾም የተፈታበት ቀን። በኮሮና ምክንያት ቅዳሴውን የምንከታተለው ከቤት ሆነን በስልክ ነበር። ረፋዱ ላይ ከባሕር ኃይሉ ወደብ በኩል ጭስ ተነሣ። የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚመስል ሽታ ሰፈሩን ሞላው። ወደቡ አካባቢ ያሉ ሰዎች ከቤት አትውጡ ተባሉ። እሳቱ ከአራት ቀን በላይ ነደደ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ጦር መርከብ አስቤ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ እሷ የተጻፈ ነገር ሳገኝ ሳላነብ አላልፍም። ለምን እንደያዘችኝ ለመረዳት ሞክሬያለሁ። መጀመሪያ የያዘኝ አሠራሯ ይመስለኛል።

ሥራዋ ወታደሮችን ከነመሣሪያቸው ጭኖ ወደብ በሌለበት ዳርቻ ማውረድ ነበር። ርዝመቷ 257 ሜትር ነበር፤ ሙሉ ጭነት ስትይዝ ክብደቷ 40,000 ቶን ይደርስ ነበር። ከሩቅ ሲያዩዋት አውሮፕላን ተሸካሚ ትመስላለች። ሄሊኮፕተሮችና ያለ ረጅም ማኮብኮቢያ የሚነሡ ጄቶች ላይዋ ላይ ያርፋሉ። ዋናው ነገር ያለው ግን ከኋላዋ ነው። እዚያ ትልቅ በር አላት። ጀልባ ማውጣት ስትፈልግ ታንከሮቿን በባሕር ውሃ ትሞላና ጀርባዋን ዝቅ ታደርጋለች። በሩ ሲከፈት ባሕሩ ራሱ ሆዷ ውስጥ ይገባል። ጀልባዎቹ ታንክና መኪና እንደጫኑ ከዚያ ይወጣሉ። ስትጨርስ ውሃውን አስወጥታ ቀና ትላለች። መርከብ የሚሠራ ሰው ትልቁ ጭንቀቱ ውሃ እንዳይገባ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ባሕሩን አስገብታ የማትሰምጥ መርከብ አሰቡና ሠሩ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ለሰው ልጅ እጅ ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

የተሠራችው ሚሲሲፒ ውስጥ ፓስካጉላ በሚባል ከተማ፣ ኢንጎልስ የመርከብ ፋብሪካ ነው። ሥራው በፈረንጆቹ 1995 ተጀመረ፤ በ1998 አገልግሎት ገባች። እዚያ መርከብ በየክፍሉ ተሠርቶ ነው የሚገጣጠመው። ቧንቧውም የኤሌክትሪክ መስመሩም አብዛኛው ክፍሎቹ ከመጋጠማቸው በፊት ይገባል። ከአንድ ሺህ ገደማ መርከበኞቿ ሌላ፣ ከባሕር ወደ የብስ ወርደው የሚዋጉ፣ ማሪን የሚባሉ ከ1,600 በላይ ወታደሮች ትይዝ ነበር። ስድስት የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ነበሯት። በ2003 ኢራቅ ጦርነት ላይ ነበረች። በ2005 መጀመሪያ ደግሞ ሱናሚ ወደ መታት ኢንዶኔዥያ እርዳታ ይዛ ሄደች። የጦር መርከብ መሆኗን አልረሳም፤ የተሠራችው ለጦርነት ነው። ግን ወደብ ለፈረሰበት ሕዝብ፣ ያለ ወደብ እህልና መድኃኒት ማውረድ የምትችል መርከብ ማለት ምን ማለት እንደሆነም ይገባኛል።

ታዲያ ጦርነት ያልጎዳት መርከብ በቤቷ፣ ወደብ ላይ ታስራ፣ እየተጠገነች ነደደች።

ኤፍ-35 የሚባሉት አዳዲስ ጄቶች እንዲያርፉባት እየተሻሻለች ነበር። ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ሥራ ነው፤ ሊያልቅም ትንሽ ነበር የቀረው። ወንድሜ መርከብ ጥገና ላይ ብየዳ ሠርቷል። ጥገና ላይ ያለች መርከብ እንዴት እንደምትሆን የነገረኝ እሱ ነው። በየበሩ ኬብልና ቱቦ ያልፋል። የብረት በሮቹ እሳትና ውሃ ከክፍል ክፍል እንዳይሻገር የተሠሩ ናቸው፤ በጥገና ጊዜ ግን በኬብሉ ምክንያት ክፍት ይውላሉ፣ ክፍት ያድራሉ። ዕቃ ደግሞ ባዶ በተገኘ ቦታ ሁሉ ይከመራል።

እሳቱ የተነሣው ታች፣ ተሽከርካሪዎች የሚቀመጡበት ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው። ካርቶን፣ ገመድ፣ የሥራ ዕቃ ሞልቶበት ነበር። የባሕር ኃይሉ የምርመራ ሪፖርት በ2021 ወጣ። እሱን ሳነብ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ነው የጨረስኩት። ከመርከቧ የእሳት ማጥፊያ ጣቢያዎች 87 በመቶው በጥገናው ምክንያት ከአገልግሎት ውጪ ነበሩ። አረፋ የሚረጭ ሥርዓት ነበራት፤ አዝራሩን ግን የተጫነ ሰው የለም። ሥርዓቱ በአግባቡ አልተጠገነም፤ መርከበኞቹም በደንብ አያውቁትም ነበር። ከዚያ በፊት በተደረጉ 14 ተከታታይ ልምምዶች፣ ማጥፊያውን በተቀመጠው ጊዜ እሳቱ ጋ ማድረስ አልቻሉም። አሥራ አራቱንም ወድቀው ሕይወት እንደወትሮው ቀጠለ። እዚህ ጋ ነው የምናደደው። ከአንዱም ልምምድ በኋላ ሥራ ይቁም ያለ ሰው እንደነበረ አላነበብኩም።

ሌላም አለ። በፈረንጆቹ 2012 ማያሚ የምትባል የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ እንዲሁ ሜይን ግዛት ውስጥ ጥገና ላይ እያለች ተቃጥላ ከጥቅም ውጪ ሆናለች። በዚያን ጊዜ ተመርምሮ፣ ትምህርቱ ተጽፎ፣ አዲስ መመሪያ ወጥቶ ነበር። ስምንት ዓመት ሳይሞላ መመሪያው ወረቀት ላይ ቀረ። መርከበኞቹ፣ ተቋራጩ፣ የጥገናው መሥሪያ ቤት፣ የወደቡ እሳት አደጋ ሠራተኞች ሁሉም እዚያው ነበሩ። እያንዳንዱ ሌላኛው ይጠብቃታል ብሎ ነበር። በጦርነት ጊዜ ቢሆን ማንም እንዲህ አያስብም ነበር። ሰው ጠላት እንዳለ ሲያውቅ ዓይኑን አይከድንም። ሰላም በሆነበት፣ ነገር እየተስተካከለ ባለበት ሰዓት ግን ልብ ይዘናጋል። ይህ የመርከብ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ትዳርም፣ ጤናም፣ አገርም ላይ አይቼዋለሁ።

እሳቱ ከ14 ፎቆቿ 11ዱን በላ። ሄሊኮፕተሮች ከ1,500 ጊዜ በላይ ውሃ አፈሰሱባት። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ ሰው የለም፤ 63 ሰዎች ግን ተጎድተዋል። ለመጠገን ከ2.5 እስከ 3.2 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ተባለ። ስለዚህ ተዋት። በኤፕሪል 2021 ተጎትታ ከሳንዲያጎ ወጣች፤ ቴክሳስ ውስጥ ለቁርጥራጭ ብረት 3.66 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠች። እሳቱን ለኩሷል ተብሎ የተከሰሰው ወጣት መርከበኛ በ2022 በወታደራዊ ፍርድ ቤት ነፃ ወጣ።

እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማስበው አንዲት ሌላ መርከበኛ ነው። ሪፖርቱ ውስጥ ጥቂት መስመር ብቻ ነው የተሰጣት። ያን ጠዋት በሁለት ሰዓት አካባቢ እሳቱ ከተነሣበት ክፍል በላይ ስታልፍ ነጭ ጉም የሚመስል ነገር አየች። ጭስ ጭስ ስላልሸተታት መንገዷን ቀጠለች። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ በእሷ ይፈርዳል። እኔ አልቻልኩም። ከእሷ በኋላ እሳት አለ ተብሎ የተነገራቸው፣ ማዕረግ ያላቸው ሰዎች እንኳ ማስጠንቀቂያውን በድምፅ ማጉያ ለማሰማት አሥር ደቂቃ ያህል ፈጅቶባቸዋል። በየቀኑ ብየዳ፣ በየቀኑ አቧራ፣ በየቀኑ እንግዳ ሽታ ባለበት ቦታ፣ እሁድ ጠዋት፣ ዝቅተኛ ማዕረግ ያላት አንዲት ልጅ «ይህ ነገር ልክ አይደለም» ብላ ብትጮህስ ማን ነበር የሚሰማት?