ጽናትም በአንጎል ውስጥ ይሠራል
ድብርት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሲደጋገም «በዘር የመጣ ነው» ብለን ጉዳዩን የምንዘጋበት ልማድ ያሳስበኛል፤ ዘረ መልን መውረስ አንድ ነገር ሲሆን፣ ያ ዘረ መል በአንጎል ሴሎች ውስጥ ምን ያህል እንደሚሠራ ሌላ ጉዳይ ነውና።

ይህን ያጎላልኝ በኒውዮርኩ ማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት የአንጎል ተመራማሪው የኤሪክ ኔስትለር ቡድን ያካሄደው ምርምር ነው። በዘረ መል አንድ ናቸው ሊባሉ የሚችሉ አይጦች ለ10 ቀናት፣ በየዕለቱ ለጥቂት ደቂቃ፣ ከነሱ በሚገዝፍ ጉልበተኛ አይጥ ይጠቃሉ፤ ቀሪውን ጊዜ ደግሞ ሽታውንና መልኩን በማይከልል ቀዳዳማ ግድግዳ ማዶ፣ ከዚያው አጥቂ ጎን ያሳልፋሉ። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ሌሎች አይጦችን ይሸሻሉ፣ ስኳር ያለው ውኃ እንኳ አያጓጓቸውም፤ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ግን እንደ ቀድሞው ይቀራረባሉ።

ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳተመው፣ በጸኑት አይጦች ኒውክሊየስ አከምበንስ በተባለው የአንጎል የደስታ ማዕከል፣ የሌሎችን ዘረ መሎች ሥራ የሚቆጣጠረው ዴልታ ፎስቢ የተሰኘ ፕሮቲን ይበዛል። በድብርት ይሠቃዩ ከነበሩ ሟቾች በተወሰደ የአንጎል ናሙና ደግሞ መጠኑ አንሶ ተገኝቷል። ስለዚህ ጽናት የጉዳት አለመኖር ብቻ ሳይሆን አንጎል ራሱ የሚያከናውነው ሥራ ነው፤ የድብርት መድኃኒቱ ፍሉኦክሰቲንም በተጎዱት አይጦች ላይ የሠራው ይህንኑ ፕሮቲን በማብዛት ነበር።