ሚል ከፖሊስ በላይ የፈራው ነገር
ሰሞኑን እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል ስለ ነፃነት የጻፈውን፣ ያን በ1859 እ.ኤ.አ. ለንደን የታተመውን መጽሐፍ እንደገና እያነበብኩ ነው እና አንድ ነገር አልለቅ ብሎኛል። ብዙ ሰው ሚል የሚፈራው መንግሥትን ብቻ ይመስለዋል፣ እሱ ግን በጣም ያሳሰበው "ሰው ምን ይለኛል" የሚለው ነገር ነው፣ ምክንያቱም ከሕግ ማምለጫ ሊኖር ይችላል የማኅበረሰብ ጫና ግን ቤት ድረስ ገብቶ ነፍስህን ነው የሚይዘው።

ራሱም ቀምሶታል። ከሃሪየት ቴይለር ጋር ባለትዳር እያለች ነው የተዋወቁት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲታሙ ኖሩ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ በ1851 ተጋቡ፣ በ1858 አቪኞን ላይ ሞተችበት። መጽሐፉን ለሷ መታሰቢያ ያደረገበት ገጽ ሁሌ ሆዴን ያባባዋል።

ዋናው ሐሳብ ቀላል ነው፦ አዋቂ ሰው ሌላውን እስካልጎዳ ድረስ "ለራስህ ስንል ነው" ተብሎ አይገደድም። ምከረው፣ ለምነው፣ ተከራከረው፣ ማስገደድ ግን የለም። ልጆችን አይመለከትም ይላል፣ እሺ፣ እዚህ ድረስ እስማማለሁ።

የማልስማማው ይሄ ነፃነት "ላልሠለጠኑ" ሕዝቦች አይሆንም ያለውን ነው፣ ሕንድን ይገዛ ለነበረው የእንግሊዝ ኢስት ኢንዲያ ኩባንያ 35 ዓመት ሠርቶ ሕንዶችን ከዛ ውጪ ማድረጉ በጣም ያናድደኛል። ግን ደግሞ ያው ሰውዬ ነው በ1867 ፓርላማ ላይ ቆሞ ሴቶችም ይምረጡ ብሎ የተከራከረው። 73 ድምፅ አግኝቶ ተሸነፈ።