13 ቁልፍ አቀብል

ነገሩ ካለፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አሁንም የመኪና በር ስዘጋ ትዝ ይለኛል።

ሥራዬ ባትላሜራ ነው፤ የተጎዳ የመኪና አካል አቃናለሁ። ቀን ቀን እዚሁ አዳማ ሰው ጋራዥ እሠራለሁ። ማታና እሁድ ደግሞ ፍራንኮ አካባቢ ባለችው ግቢዬ ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የራሴን ሥራ እሠራለሁ። ያኔ ግቢው ውስጥ ቆሞ የነበረው የሙሽራ መኪና ነው።

ለሠርግ መኪና የሚያከራይ ሰው አንድ ያረጀ ቮልስ አስጎትቶ አመጣልኝ። ቀፎው፣ የላዩ አካል ማለት ነው፣ በዝገት አልቋል። ወለሉ ግን ደህና ነው። 1300 ሞተሩም ይነሳል። «የጃንሆይ ዘመን መኪና አድርግልኝ» አለኝና ፎቶ አሳየኝ። ረጅም ኮፈን፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ግሪል፣ ከአካሉ ተለይተው የወጡ ፓራፋንጎዎች (የጎማ መሸፈኛዎች)፣ በጎን የሚረገጥ ፔዳና፣ በዘንግ ላይ የተሰቀሉ ክብ መብራቶች። ጣሪያው ሸራ። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ይሠሩ የነበሩት ዓይነት ማለት ነው። ለጥር ይድረስልኝ አለ። የመጣው ነሐሴ ላይ ነው።

ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። ሰው ያጋጨውን ሳቃና የኖርኩ ሰው ነኝ። ከባዶ አንድ ነገር እንድሠራ የጠየቀኝ አልነበረም።

ቮልስ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሥራ ይመቻል። ቀፎው ከወለሉ ጋር በቡሎን ነው የታሰረው፤ ዙሪያውን ከፈታህ ሰው ጠርተህ ታነሳዋለህ። ከሥር የሚቀረው ወለል መሪው፣ ካምቢዮው፣ ሞተሩና ጎማው ሁሉ ላዩ ላይ ነው። መሐሉን እንደ አከርካሪ የሚሄድ ቱቦ አለ። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2 ሜትር ከ40 ነው። ሞተሩ ኋላ ስለሆነ ረጅሙ ኮፈን ውስጥ ከቤንዚን ታንከሩ በቀር ምንም የለም፣ እንደፈለግክ ትቀርጸዋለህ። የድሮዎቹ የእንጨት አጽም ሠርተው ነበር ላሜራውን የሚቸነክሩበት። እኔ አጽሙን በ40 በ40 ሚሊ ቱቦላሬ፣ በአራት ማዕዘን የብረት ቱቦ፣ ሠራሁት፣ 1 ሚሊ ላሜራ አለበስኩት።

ብየዳው በቤት መብራት ስለሆነ ጎረቤቴ ያሉት እማማ እንጀራ የሚጋግሩበትን ቀን አስቀድመው ይነግሩኛል። ምጣዳቸውና የእኔ ማሽን አንድ ላይ ሲሠሩ የሁለታችንም ቤት አምፖል ይደክማል። የእሳቸው ምጣድ ሲነሳ የእኔ ብየዳ ይጀመራል፤ አንድ ቀን ተጣልተን አናውቅም።

አብሮኝ አንድ ልጅ ነበር። 19 ዓመቱ ነው፣ ብዙ አያወራም። የአካሉን አጽም ስንሠራ ወለሉን ከመሐሉ በአራት ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ እግር) ደግፈን፣ ጎማዎቹን አውጥተን ነው። ለሥራ ይመቻል፣ ከሥሩ እንደልብ ትገባለህ። መስከረም መጨረሻ ላይ በሮቹን ለመቁረጥ ደረስን። የሙሽራ ቬሎ እንዲገባ ብዬ በሩን ሰፋ አድርጌ 95 ሳንቲም ሰጠሁት። ላሜራው ላይ በጠመኔ አሰመርኩ። የዚያን ቀን እሁድ ነው፤ ከጋራዡ ሁለት የሥራ ጓደኞቼ ሥራውን ሊያዩ መጥተው ቡና እየጠጡ ነበር።

ልጁ ጠመኔውን አየ፣ ካቫሌቶውን አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፦

«ጋሼ፣ በሩን ከመቁረጣችን በፊት ጎማ አስረን ብናወርደውስ?»

«ለምን?»

«ሰው ሲቀመጥበት ወለሉ አይወርድም?»

ጓደኞቼ ዞረው አዩኝ። እኔ ልጁን አላየሁትም። «13 ቁልፍ አቀብል» አልኩት።

በቃ ይኸው ነው። አልጮኽኩም፣ አልሰደብኩም። ቁልፉን አቀበለኝ። ከዚያ በኋላ በሮቹ እስኪያልቁ ድረስ ካላናገርኩት በቀር አልተናገረም። እኔም ዝምታውን እንደ ጨዋነት ነበር የወሰድኩለት።

በሮቹ ቆንጆ ሆነው ወጡ። ዙሪያውን 5 ሚሊ ክፍተት፣ ከላይም ከታችም እኩል። በሁለት ጣት ገፋ ስታደርገው ጠቅ ብሎ ይዘጋል። ከጋራዥ የሚመጣውን ሰው ሁሉ እየጠራሁ አስዘግቻለሁ። ኅዳር ላይ ስቱኮውን ጨረስን፤ የአዳማ ነፋስ አቧራ እንዳይጭንበት ግቢውን በሸራ ጋርደን የመጀመሪያውን ቀለም ቀባን። ጎማ አስረን ከካቫሌቶ አወረድነው። ያን ጊዜ በሩ ትንሽ ጠበቅ አለብኝ። ማጠፊያው ነው ብዬ አለፍኩት።

ታኅሣሥ ላይ ባለቤቱ ከሚስቱ ጋር መጣ። አራት ሆነን ገባን፣ በር ዘጋን፣ እስከ ዋናው መንገድ ደርሰን ተመለስን። የባጃጅና የጋሪ ነጂው ሁሉ ቆሞ ያየን ነበር። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ግቢ ገብተን እንውረድ ስንል በሩ አልከፈት አለ። በግራም በቀኝም። ላዩ ተነክሷል። በትከሻዬ ብገፋው አዲሱ ቀለም ተላጠ እንጂ በሩ ንቅንቅ አላለም። ሴትየዋ ነጠላቸውን ሰብስበው በበሩ ላይ ተሻግረው ወረዱ፤ ልጁ ነው እጃቸውን የያዘላቸው። ሰውየው ምንም አልተቆጣም። «ሙሽራዋም እንዲህ ነው የምትወርደው?» ብቻ አለ።

የሆነው ይህ ነው። የቮልስ ቀፎ ልብስ ብቻ አይደለም፤ ወለሉን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱም ጭምር ነው። ቀፎውን አንስተህ ጣሪያ የሌለው አካል ስታስቀምጥበት፣ በዚያ ላይ በር አስፍተህ ጎኑን ስትቆርጠው፣ ወለሉ ብቻውን ይቀራል። ከመሐል ተደግፎ ሳለ የፊቱና የኋላው ክብደት ጫፎቹን ወደ ታች ይጎትታል፣ መሐሉ ከፍ ይላል። ጎማ ላይ ሲቆምና ሰው ሲገባበት ደግሞ መሐሉ ይወርዳል። መሐሉ ሲወርድ የበሩ ሁለት ቋሚዎች ከላይ ወደ እርስ በርስ ያዘነብላሉ። 5 ሚሊዬ የሄደችው እዚያ ነው።

ልጁ «ብዬ ነበር» አላለም። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ወንበሮቹን ለማውጣት ሳልጠይቀው 13 ቁልፍ ይዞ መጣ። ያ ነው የከበደኝ።

ማታ ከየት አወቅከው አልኩት። አባቱ ጋሪ ሠሪ ነበሩ። ጋሪው እግሩ ላይ ቆሞ፣ ሁለት ሰው ወጥቶበት ካልሆነ የጎኑን ጣውላ አይመቱም ነበር። ልጅ ሆኖ ከሚወጡት አንዱ እሱ ነበር።

እኔም ልጅ ሆኜ እንዲሁ ተብያለሁ። መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ጋራዥ ውስጥ አንድ የተጋጨ ዲኤክስ እንዲቃና በሰንሰለት ሲሳብ፣ በተቃራኒው ጎን ነው እየተሳበ ያለው ብዬ ለዋናው ሠራተኛ ነገርኩት። «ክሪክ አቀብል» አለኝ። መኪናው መሪው ወደ ግራ እየጎተተ ተመለሰ። ያሰርከው አንተ ነህ ተብዬ ከደሞዜ ተቆረጠ። ሰውየው ዛሬ የራሱ ጋራዥ አለው፣ በመንገድ ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ፣ ግን ያንን ቀን አልረሳሁለትም። ልጁም የእኔን እንደማይረሳ አውቃለሁ።

መኪናውን አዳንነው። በሁለቱም ጎን ከሥር 80 በ40 ቱቦላሬ ከፊት እስከ ኋላ ሰደድን፣ ቀፎው በሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ከወለሉ ጋር አሰርነው። ከዚያ ጎማው ላይ እንዳለ ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ፣ 300 ኪሎ መሆኑ ነው፣ ወንበሮቹ በሚቀመጡበት ቦታ ጫንን። በሮቹን በዚያ ክብደት ላይ እንደገና ቆረጥናቸው። ጠመኔውን ለልጁ ሰጠሁት። ለጥር ደረሰ፤ ቀለሙ ግን የምፈልገውን ያህል አልሆነልኝም።

ልጁ የካቲት ላይ ሌላ ጋራዥ ገባ። ሲሰናበተኝ ስለዚያ እሁድ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ኧረ ምንም አይደል ጋሼ» አለኝ፣ ጫማውን እያየ።

አሁን አዲስ ልጅ ይዣለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የአንድ ሚኒባስ ወለል ስበይድ ከኋላዬ ቆሞ አንድ ነገር ሊለኝ ጀመረ። ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። ጭንብሉን ሳላነሳ «ቆይ» አልኩት። ከምሳ በኋላ ትዝ ብሎኝ ጠራሁት፣ ቅድም ምን ልትለኝ ነበር አልኩት።

«ረሳሁት ጋሼ» አለኝ።

የረሳው አይመስለኝም። ሚኒባሱ ሰኞ ወጥቷል።