ሳይነሴን እንዴት እንዳስታገስኩት

«ሳይነስ አይድንም፤ አብረሽው ትኖሪያለሽ።» ይህን ያላለኝ ሰው የለም። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼም፣ ጎረቤቶቼም ብለውኛል። እውነት ነው፣ የቆየ ሳይነስ ቶሎ አይለቅም። ግን እኔ ዛሬ በአፍንጫዬ እየተነፈስኩ ነው የምተኛው። ቡና ሲቆላ ይሸተኛል። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ በዝርዝር ልንገራችሁ።

የኔ እንዲህ ነበር። አፍንጫዬ በሁለቱም በኩል ይደፈናል። ጉንጬና ከዓይኔ ሥር ያለው አጥንት ይከብደኛል፤ ጫማ ለማሰር ጎንበስ ካልኩማ ይብሳል። ወፍራም አክታ በጉሮሮዬ በኩል ይወርዳል፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት። በመጨረሻ ሽታ የሚባል ነገር ጠፋብኝ። ወጥ ማረሩን የማውቀው ጭሱን ሳይ ነበር። በሄድኩበት ሁሉ አሞክሳሲሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ይሰጠኛል፣ ትንሽ ይሻለኛል፣ ከዚያ ይመለሳል። ጠንከር ያለ ይታዘዝልኛል፤ እሱም እንዲሁ።

ነገሩ የተለወጠው ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ጋ ስሄድ ነው። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ከጀመረሽ ሦስት ወር ሞልቶታል?» ብለው ነው። ሞልቶታል። ከዚያ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብተው ውስጡን በስክሪን አሳዩኝ። ገርጥቶ ያበጠ ሥጋ፣ መሃሉ ላይ እንደ ክር የተዘረጋ ንፍጥ። «ይሄ አለርጂ ነው ልጄ፤ አንቲባዮቲክ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ።

ያስረዱኝን በራሴ አፍ ልናገረው። ጉንፋን በቫይረስ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይሄዳል። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳይነስ ግን ሥር የሰደደ ይባላል፤ ከጀርባው ብዙ ጊዜ ያለው የማይበርድ እብጠት ነው። አለርጂ፣ አስም፣ አፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ሥጋ፣ ጭስ፣ ሁሉም ሊያባብሱት ይችላሉ።

በግንባራችን፣ በጉንጫችን፣ በዓይንና በአፍንጫ መሃል፣ ከአፍንጫ ጀርባም ጠልቀው አየር የያዙ ክፍተቶች አሉ። ሳይነስ የሚባሉት እነሱ ናቸው፤ አራት ጥንድ ናቸው። የጉንጩ ትልቁ ነው፤ በሩ ጣሪያው ሥር እንደተሠራ ክፍል አድርጋችሁ አስቡት። ንፍጡ በራሱ ወደ ታች ፈስሶ አይወጣም። በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች ወደ ላይ እየጠረጉ ነው የሚያወጡት። በሩ ደግሞ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ትንሽ እብጠት ይዘጋዋል። ይህን ከሰማሁ በኋላ ሕክምናው ለምን በየቀኑ እንደሚደረግ ገባኝ። ማጠብ፣ እብጠቱን ማስታገስ፣ በሩን ክፍት ማድረግ።

ማጠቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለኔ ትልቁን ለውጥ ያመጣው እሱ ነው። ከፋርማሲ ኖርማል ሳላይን (የተዘጋጀ የጨው ውሃ) እና 20 ሲሲ ሲሪንጅ እገዛለሁ፤ መርፌው አይገባም። ቤት ውስጥ ማዘጋጀትም ይቻላል። ለአንድ ሊትር ውሃ 9 ግራም ያህል ጨው፣ ማለትም አንድ ተኩል ልሙጥ የሻይ ማንኪያ። ካቃጠላችሁ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩበት። ውሃው የፈላ መሆን አለበት። የቧንቧ ውሃ እንደወረደ አፍንጫ ውስጥ አይገባም። በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሉዊዚያና ሁለት ሰዎች አፍንጫቸውን ባልፈላ የቧንቧ ውሃ አጥበው፣ ውሃው ውስጥ በነበረ አሜባ ሞተዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ነው የሚፈላው። ስለዚህ መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ከዚያ ለብ እስኪል ጠብቁ።

ሲንኩ ላይ ጎንበስ እላለሁ፣ አፌን ከፍቼ በአፌ እተነፍሳለሁ። ሲሪንጁን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጭንቅላቴ ኋላ አቅጣጫ አድርጌ ቀስ ብዬ እገፋለሁ። ውሃው በሌላኛው ቀዳዳ ይወጣል። መጀመሪያ አካባቢ ትን የሚላችሁ ይመስላል፤ «አአአ» እያላችሁ ብትገፉ ይቀላል። ከዚያ አንድ በአንድ፣ በቀስታ መናፈጥ ነው። በኃይል ከተናፈጣችሁ ጆሮን ያሳምማል። ሲሪንጁ ታጥቦ ይደርቃል፣ ሲቆይ ይጣላል።

አሁን አፍንጫ ውስጥ ወደሚነፋው መድኃኒት፣ ወደ ስፕሬዩ። ፋርማሲ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያምታታቸው ሁለት ዓይነቶች አሉ። እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያለው በደቂቃዎች ውስጥ አፍንጫ ይከፍታል፤ ለዚህም ይወደዳል። ግን ከሳምንት በላይ ከተወሰደ አፍንጫው ያለሱ አልከፈትም ይላል፤ ከበፊቱ ብሶ ይደፈናል። ሌላው እብጠት የሚያስታግሰው የስቴሮይድ ስፕሬይ ነው፣ እንደ ሞሜታሶን ወይም ፍሉቲካሶን። ለኔ የታዘዘው ይሄ ነው። ውጤቱን ለማየት ሳምንታት ይፈጃል፤ ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወውም ገና ሥራውን ሳይጀምር ነው። አነፋፉም ወሳኝ ነው። ግራውን ቀዳዳ በቀኝ እጅ፣ ቀኙን በግራ እጅ፤ ጫፉ ወደ ጆሮ ያዘነብላል። መሃሉን የሚከፍለው ግድግዳ ላይ ከተነፋ ይደማል። ከነፋችሁ በኋላ ሳብ አድርጋችሁ ወደ ጉሮሮ አታውርዱት። መጀመሪያ ታጠቡ፣ ቆይታችሁ ንፉ።

እናቴ ነገሩን «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ታሽልኛለች። ደስ ይለኛል፣ አልከለክላትም። የባህር ዛፍ እንፋሎት መታጠንም ለጊዜው ቀለል ያደርጋል፤ እብጠቱን ግን አያጠፋውም። ልጆች ደግሞ በፈላ ውሃ ስለሚቃጠሉ ለነሱ ባይደረግ እመክራለሁ። የነጭ ሽንኩርት ወይም የቅጠል ጭማቂ አፍንጫ ውስጥ መጨመር ግን ፈጽሞ! ስስ የሆነውን ሥጋ ያቃጥለዋል።

የከበደኝ የጭሱ ጉዳይ ነው። ከሰሉ፣ እጣኑ፣ በርበሬ ሲቆላ። «እማዬ፣ እጣኑን ውጪ ብናደርገው?» ስላት «ቡና ያለ እጣን?» ብላ ደነገጠች። አሁን በረንዳው ላይ ይጨሳል፣ ቡናው ውስጥ ይጠጣል። ሁለታችንም ተስማምተናል።

ሲቲ ስካን ተነሥቻለሁ፤ ኦፕራሲዮን ግን አላስፈለገኝም። መድኃኒቱ በትክክል ተወስዶ ካልሠራ ወይም ሥጋው መተላለፊያውን ከዘጋ ሊያስፈልግ ይችላል። የተደረገላቸው ሰዎችም ማጠቡንና ስፕሬዩን ይቀጥላሉ።

ራስ ምታት ሁሉ ግን ሳይነስ አይደለም። ታናሽ እህቴ ለዓመታት «ሳይነሴ ተነሣ» ስትል ኖራለች። አፍንጫዋ አይደፈን፣ ንፍጥ የላት። ግን ይነዝራታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ብርሃን ያስጠላታል። ሚግሬን የሚባለው የራስ ምታት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። በአንድ በኩል ብቻ የሚሸት ንፍጥ ካለ ደግሞ የላይኛውን መንጋጋ ጥርስ ማስመርመር ተገቢ ነው፤ ሥሩ ከጉንጩ ሳይነስ ጋር ጎረቤት ነው።

ዓይን ዙሪያው ካበጠ፣ እይታ ሁለት ከሆነ፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ ወይም ግንባር ካበጠ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ሳይነስን ከዓይን የሚለየው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ ነው።