ሬዚስታንሱን ከማስቀየራችሁ በፊት የቀዝቃዛውን ቫልቭ ዝጉ

ቦይለራችን 80 ሊትር የሚይዝ፣ ውሃውን የሚያሞቀው ብረት (ሬዚስታንሱ) 1500 ዋት የሚስብ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ተራ ቦይለር ነው። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት 60 ዲግሪ ላይ ነው። ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ግን ለብ ያለ ሆነ። ቴርሞሜትር ስይዝበት 38 አካባቢ ያሳያል፣ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ቢያድርም ያው ነው።

በዚህ ነገር ብዙ ገንዘብና ትዕግሥት አልቋል። ምክንያቱ ሲገኝ ደግሞ መፍትሔው ካቻቢቴ እንኳን የሚያስፈልገው አልነበረም። አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ የቆየሁትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ብሬከሩ አልወረደም። ቀዩ መብራት ይበራል። ጊዜውንም አሰላሁት። 1500 ዋት 80 ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ከዚያ ቴርሞስታቱ ቀጭ ብሎ ያጠፋል፣ መብራቱም አብሮ ይጠፋል። የእኛም መብራት በሰዓቱ ይጠፋ ነበር። ይህን ያዙልኝ፣ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ቦይለሩ «ደርሻለሁ» ይላል፣ ቧንቧው ግን «አልደረሰም» ይላል።

የመጣው ባለሙያ ሽፋኑን ሳይከፍት «ወንድሜ፣ ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል» አለኝ። መብራቱ በሰዓቱ እንደሚጠፋ ነገርኩት። አልሰማኝም። ሬዚስታንስ ከተቃጠለ እኮ ውሃው ጨርሶ አይሞቅም፣ 38 ላይ መጥቶ አይቆምም። ሁለት ሬዚስታንስ ያለው ቦይለር እንኳን አንዱ ቢቃጠልበት ይዘገያል እንጂ ዞሮ ዞሮ መድረሱ አይቀርም። ሰውየው ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ቦርሳው ውስጥ ነበረው። አላወጣውም። ኃይሉን ከብሬከሩ አጥፍቶ፣ ሽቦዎቹን ነቅሎ፣ የሬዚስታንሱን ሁለት ጫፎች ማስነካት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። በ220 ቮልት 1500 ዋት የሚሰጥ ሬዚስታንስ 32 ኦም አካባቢ ያነባል። ከተበጠሰ ምንም አያነብም። ይህ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ቀየረው። ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። አሮጌውን ጥሎልኝ ስለሄደ በኋላ ራሴ ለካሁት፦ 32 ኦም። ፍጹም ጤነኛ ነበር። አሁንም ድረስ ሳስበው ያናድደኛል። አዲሱ ተገጥሞም ውሃው ያው 38 ነው።

ወደ ሻጩ የዋስትና ክፍል ደወልኩ። ትሕትናቸው ጥሩ ነው፣ መልሳቸው ግን ከመመሪያው ላይ የሚነበብ ነው። «ቴርሞስታቱን እስከ መጨረሻው ያዙሩት» አሉኝ። ችግሩ የት እንዳለ ሳይጠይቁ ሙቀት ጨምር ማለት አደገኛ ምክር ነው። ጋኑ ውስጥ ያለው ውሃ በእርግጥ 60 ከሆነ፣ ያ ምክር ወደ 75 ያደርሰዋል። 60 ዲግሪ ራሱ ቆዳን በጥቂት ሴኮንዶች ያቃጥላል። ሕፃን ያለበት ቤት ቢሆንስ? ሽፋኑን ራሴ ከከፈትኩ ዋስትናው እንደሚሰረዝ ግን ደጋግመው አስጠነቀቁኝ።

ሌላ ባለሙያ መጣ። እሱ ደግሞ ቴርሞስታቱን ቀየረ። ለውጥ ሲያጣ ጊዜ «ጋኑ አርጅቷል፣ ሙሉ ቦይለሩ ይቀየር» አለ። ሊወጣ ሲል ከሴፍቲ ቫልቩ ውሃ ሲንጠባጠብ አየና «ይህንንም ልድፈነው?» አለኝ። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። ውሃ ሲሞቅ ይለጠጣል። 80 ሊትር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከአንድ ሊትር በላይ ይጨምራል። ያ ትርፍ የሚወጣው በዚያ ቫልቭ ነው። በማሞቂያው ሰዓት መንጠባጠቡ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ቫልቩን መድፈን ማለት ጋኑን ቦምብ ማድረግ ማለት ነው። ማንም ባለሙያ ልድፈነው ካላችሁ ሥራውን አስቁሙና አሰናብቱት።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ራሴ ያዝኩት። ሙቅ ውሃው ተከፍቶ እየወረደ እያለ ከቦይለሩ የሚወጣውን፣ ቀይ ቀለበት ያለበትን ቧንቧ ነካሁ። እጄን ማቆየት አልቻልኩም። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ጋ ሄጄ ስነካ ለብ ያለ ነው። በመሃሉ ያለው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። በጥቂት ሜትር ውስጥ ውሃ ይህን ያህል አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ቦይለሩ ጤነኛ ነው። መንገድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እየገባበት ነው ማለት ነው።

ይህን የሚያረጋግጠው ፈተና ቀላል ነው፣ ዋስትናም አያሰርዝም። ቦይለሩን ከብሬከሩ አጥፉ። ወደ ቦይለሩ የሚገባውን የቀዝቃዛ ውሃ ቫልቭ ዝጉ፣ ሰማያዊ ቀለበት ያለበት መስመር ላይ ነው። ከዚያ ማንኛውንም የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፈቱ። ትንሽ ወርዶ መቆም አለበት፣ የሚገፋው የለምና። መውረዱን ከቀጠለ ውሃው ከቦይለሩ አይደለም የሚመጣው። ቀዝቃዛው መስመር በሆነ ቦታ ወደ ሙቁ መስመር ተሻግሯል።

የእኛ ቤት ቧንቧ ያለማቋረጥ ወረደ። ሙሉ ግፊት ነበረው።

ከዚያ ሚክሰሮቹን፣ ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅሉትን ቧንቧዎች፣ አንድ በአንድ መፈተሽ ነበር የቀረኝ። ጥፋተኛው ሻወር ቤት የተገኘው ነው። የእጅ ሻወሩ ጫፍ ላይ ውሃ የሚያቆም ቁልፍ አለው። ሰው ታጥቦ ሲጨርስ ጫፉ ላይ ይዘጋል፣ ሚክሰሩ ግን እንደተከፈተ ይቀራል። ያኔ ሙቁና ቀዝቃዛው ሚክሰሩ ሆድ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተገናኝተው ይውላሉ። መውጫ የላቸውም። የቀዝቃዛው ግፊት ከሙቁ ስለሚበልጥ ቀዝቃዛው ወደ ሙቁ ቧንቧ ይሄዳል። ወጥ ቤት ሙቅ ውሃ ስትከፍቱ የሚመጣላችሁ ከቦይለሩ የወጣው ከዚህ ቀዝቃዛ ጋር ተደባልቆ ነው። ሚክሰሩን ከሥሩ ዘጋሁት። የወጥ ቤቱ ውሃ ቆመ። ቫልቩን ከፍቼ፣ ቦይለሩን አብርቼ ቆይቼ ስለካ 58 ዲግሪ አገኘሁ። በጣም ደስ አለኝ፣ ኩራትም ተሰማኝ። ሁለት ባለሙያና አንድ የዋስትና ክፍል ያላዩትን ያየሁት ቧንቧ በእጄ በመንካት ነው።

ለዘለቄታው ያን ጫፍ አውጥቼ ቁልፍ በሌለው ቀየርኩት። ቁልፍ ያለውን ጫፍ መተው ካልፈለጋችሁ ወደ ሚክሰሩ በሚገቡት በሙቁና በቀዝቃዛው መስመሮች ላይ ውሃ ወደ ኋላ የማይመልስ ቼክ ቫልቭ አስገጥሙ። መጸዳጃው አጠገብ ያለው የእጅ መርጫም ከሚክሰር ጋር ከተያያዘ ያው ችግር አለበት። ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ደግሞ ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው የውስጡ ካርትሪጅ ሲያረጅ ተዘግቶም ሊያሻግር ይችላል። እሱን ለመለየት ከሥሩ ያሉትን ትንንሽ ቫልቮች ዝጉና ፈተናውን ድገሙ።

ፈተናውን ሠርታችሁ ቧንቧው ከቆመ፣ ያኔ ወደ ቦይለሩ ተመለሱ። አዲስ የተገጠመ ከሆነ መግቢያና መውጫው ተገላብጦ እንዳይሆን እዩ። ሁለቱም ከሥር የሚገቡበት ቦይለር ውስጥ የሙቁ ቱቦ እስከ ላይ ድረስ ይወጣል። እሱ ከተሰበረ ወይም ከተበላ፣ ጋኑ ሞቆ እያለ ከታች ያለው ቀዝቃዛ ይወጣላችኋል።

መብራቱ ጨርሶ የማይጠፋ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ቮልቴጁን አስለኩ። 220 መሆን የነበረበት 180 ከሆነ ሬዚስታንሱ የሚሰጠው ኃይል ከ1500 ወደ 1000 ዋት አካባቢ ይወርዳል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የነበረውም ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል። የመጣ ባለሙያ ሁሉ «ኖራ ይዞታል፣ ለዚያ ነው የማይሞቀው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሬዚስታንሱ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ሙቀቱ ሌላ መሄጃ የለውም፣ ዞሮ ዞሮ ውሃው ውስጥ ነው የሚገባው። ነጩ ቅርፊት የሚጎዳው ሬዚስታንሱን ራሱን ነው፣ ከመጠን በላይ አግሎ ያቃጥለዋል። ቅርፊቱ የቴርሞስታቱን ዘንግ ከነካ ደግሞ ቀድሞ ያስጠፋዋል። ስለዚህ ማጽዳቱን አጽዱ፣ ብቻ መፍትሔው እሱ ነው ብላችሁ አትጠብቁ።

መመሪያው ላይ ለቁጠባ ዝቅ አድርጉት የሚል ምልክት አለ። እኔ 60 ላይ ነው የምተወው። ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይራባል፣ 60 ላይ ግን ይሞታል። የሚታጠቡበትን ሙቀት ማስተካከል የሚክሰሩ ሥራ ነው።

ሬዚስታንስ መቀየሩ ግድ ከሆነባችሁ ደግሞ አሮጌው ፊታችሁ በቴስተር ይለካ። አዲሱ ከተገጠመ በኋላ ሙቁን ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃው አየር ሳይተፋ እኩል እስኪወርድ ጠብቁ። ብሬከሩ ከዚያ በፊት አይነሳ። ባዶ ጋን ላይ የበራ ሬዚስታንስ ወዲያው ይቃጠላል።